በናይሮቢ ሰማይ እምቢ ማለት

ወላይታ ሶዶ፣ መስከረም 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለማኅሌት፣

ሰማይን ያለ ምሰሶ ያቆመ አምላክ ባለሽበት ጤናና ሰላም ይስጥሽ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። የትምወርቅን ጉልበቷ አልፎ አልፎ ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው፤ ሰላም በልልኝ ብላለች። ሰርካለም ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስትመለስ ይህን ደብዳቤ በስልኳ ፎቶ አንስታ ልትልክልሽ ቃል ገብታልኛለች። «አባዬ፣ ለምን በድምፅ አትቀዳላትም?» ትለኛለች። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ በሰው ኃይል አስተዳደር የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ያልተጻፈ ነገር ለእኔ አልተባለም።

አዲስ ዓመታችን ጊፋታም መስቀልም በሰላም አለፉ። ጎረቤታችን ቶማ ዘንድሮ ባጃጁን ቀለም አስቀብቶ በዓሉን ያሳለፈው እሱን ሲወለውል ነው። እንደ ልማዱ ግን ሥጋውን ከነዳጣው ይዞልን መጣ። «ጋሼ፣ ማኅሌት በሰማይ ትነዳለች አሉ፤ እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እውነት ነው አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሰው ባሳፈረ ቁጥር ይህንኑ የሚያወራ ይመስለኛል፤ መናኸሪያ አካባቢ የማላውቀው ሰው ሁሉ እያስቆመ ስለ አንቺ ይጠይቀኛል።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። አቶ ደግፌን ታስታውሺዋለሽ፤ በእኔ ሥር ጀማሪ ሠራተኛ ሆኖ የገባው፣ ዛሬ በዞኑ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የሆነው። ለዕቅድ ክፍሉ መሐንዲስ ይፈልጋል፤ ቦታውም ለአንቺ ተይዟል። በጳጉሜን በስልክ ስነግርሽ «እሺ ጋሼ» ብለሽኛል፤ እኔም በዚያው ቃሌን ሰጥቻለሁ። አሁን የሚፈለገው የዲግሪሽ ቅጂ ብቻ ነው።

አውሮፕላን መማርሽን አልተቃወምኩም። ለጭነት ክፍል ሥራ የሄድሽበት ድርጅት በትርፍ ሰዓትሽ በረራ ካስተማረሽ ጥሩ ልምድ ነው፤ ተመልሰሽ ለልጆችሽ የምታወሪው ይሆናል። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። በደወልሽ ቁጥር «ዛሬ ሰማዩ ተጨናንቆ ነበር» ትያለሽ። የሶዶ አደባባይ ቢጨናነቅ ይገባኛል። ሰማይ እንዴት ይጨናነቃል? እስቲ አስረጂኝ።

ቸር ወሬ ያሰማን።
አጎትሽ፣ አድነው


ናይሮቢ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎትና ለምወድዎት ለጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? የእጅ ጽሑፍዎን ስልኬ ላይ ሳየው ሳላውቀው ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ ጤናዬም፣ የምግብ ፍላጎቴም እንደሚያውቁት ነው። እትዬ የትምወርቅን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ቶማን ደግሞ ሰማይ ላይ ቤንዚን የት ትሞላለች ብሎ እንዳያስብ፣ ሳልነሣ የሚሞላልኝ ሰው አለ ይበሉልኝ።

የሰማዩ ነገር እንዲህ ነው። ሰማዩ ሰፊ ነው፤ ለእኛ የተፈቀደው ግን ጠባብ ነው። እኔ የምነሣው ዊልሰን ከሚባለው፣ ትንንሽ አውሮፕላኖች ከሚበዙበት ማረፊያ ነው። በስተምሥራቅ፣ ብዙም ሳይርቅ፣ ከዓለም ዙሪያ የሚመጡት ትልልቆቹ የሚያርፉበት ዋናው አየር ማረፊያ አለ። በሰሜን በኩል የአየር ኃይሉ ማረፊያ አለ። በዚህ መሐል ቱሪስት የጫነው፣ መድኃኒት የጫነው፣ ጫት ጭኖ ወደ ሞቃዲሾ የሚበረው፣ እንደ እኔ ገና የሚማረው፣ ሁሉም በአንድ ጠዋት ልነሣ ይላል። ጫት በአውሮፕላን ይሄዳል ስልዎት እየቀለድኩ አይደለም፤ ከሁላችንም የሚቸኩለው እሱ ነው። የእኔዋ ሴስና አራት ሰው የምትይዝ ናት። ከትልልቆቹ ጎን ብትቆም ልጃቸው እንኳ አትመስልም። ስለዚህ ማን በየት በኩል፣ በምን ከፍታ፣ መቼ እንደሚያልፍ የሚወስን ተቆጣጣሪ ማማ ላይ ተቀምጧል። እሱ ሳይፈቅድ ወደ ክልሉ መግባት የለም። መልኩን አናየውም፤ በራዲዮ ድምፁን ብቻ እንሰማለን። ብዙዎቻችን በአንድ ራዲዮ ስለምንነጋገር ደግሞ አንዱ እስኪጨርስ ጠብቆ፣ ክፍተት ሲገኝ ቶሎ ተናግሮ መውጣት ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ያዋረደኝ ግን ሰማዩ አይደለም፤ አስተዳደጌ ነው። አይቆጡ፣ ልንገርዎት። ተቆጣጣሪው ያዘዘውን አብራሪው ቃል በቃል መልሶ መናገር አለበት። በትክክል መስማቱ የሚታወቀው በዚያ ነው። በእኛ ቤት ደግሞ ትልቅ ሰው የተናገረውን መልሶ መድገም ማሾፍ ነው። «በሩን ዝጊ» ሲሉኝ «በሩን ልዝጋ» ብዬ ብመልስ ኖሮ «ትቀልጂብኛለሽ?» ብለው የሚነሡት እርስዎ ነዎት። እናም ተቆጣጣሪው መዞሪያዬንና ከፍታዬን ሲነግረኝ «እሺ ጌታዬ» አልኩ። «መልሰሽ ንገሪኝ» አለ። «ሰምቻለሁ ጌታዬ» አልኩ። እንደገና «መልሰሽ ንገሪኝ!» ሲለኝ የባሰ አክብሮት ጨምሬ «በጣም አመሰግናለሁ ጌታዬ» አልኩት። ጫቱ ከኋላዬ እየጠበቀ ነበር። አስተማሪዬ ካፒቴን ሙቲሶ ራዲዮውን ወስደው መለሱልኝ፤ ካረፍን በኋላ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አሁን ግን እንደ ውዳሴ ማርያም ነው የምደግመው።

የቀረኝ አንድ ትልቅ ነገር ነው። ብቻዬን ከዊልሰን ተነሥቼ፣ የዋናውን አየር ማረፊያ ክልል አቋርጬ፣ ሄጄ መመለስ። ካፒቴን ሙቲሶ «ብቻዋን ትችላለች» ብለው ከፈረሙልኝና ከተሳካልኝ፣ ቀሪውን ትምህርት ድርጅቱ ራሱ ችሎ ለረዳት አብራሪነት ያበቃኛል። ካልፈረሙልኝ ሣጥን ስመዝን እኖራለሁ። እፈራለሁ ብዬ ልዋሽዎት? አልፈራም። ይህን ሥራ እንደተወለድኩበት ነው የምወደው።

ስለ አቶ ደግፌ ቦታ በጣም አመሰግናለሁ። ዲግሪዬ ሣጥኔ ውስጥ ነው፤ ሰርካለም ታገኘዋለች።

እግዚአብሔር ዕድሜዎትን ያርዝምልኝ።
ልጅዎ፣ ማኅሌት


ወላይታ ሶዶ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማኅሌት፣

በጉዞሽ ሁሉ የሚቀድም መልአክ አይለይሽ። ሰርካለም ከስልኳ አሳትማ ያመጣችልኝን ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ለየትምወርቅ። ስለ አስተዳደግሽ የጻፍሽውን ለእሷ ሳነብ ዘልዬዋለሁ።

የማማው ተቆጣጣሪ ግን ሥርዓት አዋቂ ነው፤ በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ደንብ ባወጣ ኖሮ ስንት ራስ ምታት ይቀርልኝ ነበር። እዚህም ሞከርኩት። የትምወርቅ ለጉልበቷ ኦቶና ሆስፒታል ቀጠሮ ነበራትና ቶማን «አሥር ሰዓት ላይ ከሆስፒታሉ ዋና በር ይዘህልኝ ና» አልኩት። «እሺ ጋሼ» አለ። «መልሰህ ንገረኝ» ስለው ትንሽ አየኝና «ጋሼ፣ ዛሬ አመመዎት እንዴ?» አለኝ። አስገድጄ ሳስደግመው ለካ ባጃጁን የሚያቆመው በጓሮ በኩል ኖሯል። የታመመች ሴት ያን ሁሉ ግቢ ልታስኬድ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ እሱም ተሳፋሪዎቹን ያስደግማል አሉ፤ አንዲት ሴትዮ ተቆጥታ ወርዳለች።

ዲግሪሽ ተገኝቶ ለአቶ ደግፌ ተሰጥቷል። ኅዳር 30 ቀን ሥራ ትጀምሪያለሽ። በአካል ተገኝተሽ መፈረም ስላለብሽ ሁለት ቀን ቀድመሽ ድረሺ። ስለ ረዳት አብራሪነት የጻፍሽውን አይቻለሁ፤ ጥሩ ምኞት ነው። በደብዳቤሽ ውስጥ ግን እምቢ የሚል ቃል ስላላገኘሁ እንደተስማማሽ አድርጌ ይዤዋለሁ። ቃል የሰጠሁት ያሳደግሁትን ልጅ ተማምኜ ነው።

ሌላው፣ ያቺን ትንሽ አውሮፕላን ፎቶ እያነሣሽ መላኩን ተዪው። የትምወርቅ ባየችው ቁጥር ይረብሻታል።

በረድኤት ሁኚ።
አጎትሽ፣ አድነው

[ከገጹ ጥግ በሌላ እጅ ጽሑፍ:] ማኅሌት፣ እማዬ ፎቶውን ፍሪጁ ላይ ለጥፋዋለች፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሳያለች። እየነቀለ መሳቢያ ውስጥ የሚከተው አባዬ ነው። — ሰርካለም


ናይሮቢ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ፣

የጌታ ቸርነት ከቤትዎ አይራቅ። መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ ይደረግልኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብል ይቀለኝ ነበር፤ እውነቱ ግን አንድ ነገር ገጥሞኝ፣ ምን ብዬ እንደምጽፈው ስላላወቅሁ ነው።

እዚህ የዝናቡ ወቅት ነው። ጠዋት ጠዋት፣ የዳሞታን ተራራ በክረምት የሚሸፍነው ዓይነት ደመና ዝቅ ብሎ ይውላል። እኔ በደረስኩበት ደረጃ ያለ አብራሪ ደመና ውስጥ መግባት የለበትም፤ የምንበረው መሬቱንና ሌላውን አውሮፕላን በዓይናችን እያየን ነው። ደመና ውስጥ የገባን ሰው ላይና ታቹን ሰውነቱ ይዋሸዋል። ባለፈው ከካፒቴን ሙቲሶ ጋር በዋናው አየር ማረፊያ ክልል ስናልፍ ተቆጣጣሪው ከፍ እንድል አዘዘኝ። ከላዬ ደመና ነበር፤ እያየሁት ነው። ያዘዘኝን አንድ ቃል ሳላጎድል መልሼ ነገርኩት፤ ከዚያ አውሮፕላኗን ቀና አድርጌ ወደ ላይ ወጣሁ። ወዲያው መስኮቱ ሁሉ ነጭ ሆነ። ካፒቴኑ መሪውን ከእጄ ነጥቀው ወደ ታች አወጡን። ተቆጣጣሪውን በራዲዮ አነጋግረው ከክልሉ አስወጡን።

ካረፍን በኋላ፣ «ደመናውን አላየሽውም?» አሉኝ።

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልችልም አላልሽውም?»

«ትልቅ ሰው ናቸው» አልኳቸው።

«በምን አወቅሽ?»

«ሲያስሉ ሰማኋቸው።»

ሳቁ ብዬ ብጽፍልዎት ደስ ባለኝ። አልሳቁም። «እሱ የሚያይሽ እንደ ነጥብ ነው። ደመናውን የምታዪው አንቺ ብቻ ነሽ፤ ካልነገርሽው ከየት ያውቃል? ስታከብሪው ሁለታችንንም ልትገድይን ነበር» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማታው ቢሮአቸው ውስጥ እምቢ ማለት ያለማምዱኛል። እሳቸው ተቆጣጣሪ ይሆናሉ፣ እኔ አብራሪ። አንድ ቀን «ይህን ሻይ በአንድ ትንፋሽ ጨርሺው» አሉኝ። እየተንተከተከ ነበር። ጋሼ፣ ኩባያውን አነሣሁት። «አስቀምጪው፣ ሂጂ ተኚ» ብለው አሰናበቱኝ። አልፈርምልሽም ብለውኛል። እስከ ኅዳር መጨረሻ ካልተስተካከልኩ ተራዬን ለሌላ ተማሪ ይሰጡታል፤ እኔም ወደ ሚዛኔ እመለሳለሁ። ልክ ናቸው፤ እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን አልፈርምም ነበር። ግን አስፈርማቸዋለሁ፣ ያዩኛል። አውሮፕላኑን መንዳት የሚያቅተኝ ሰው አይደለሁም። ያቃተኝ አንድ ቃል ነው።

ስለ ኅዳር 30 ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ። እትዬን፣ ሰርካለምን ይሳሙልኝ።

አክባሪዎ፣ ማኅሌት


ወላይታ ሶዶ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማኅሌት፣

እግዚአብሔር ስላተረፈሽ ስሙ የተመሰገነ ይሁን። ሌላ ሰላምታ ለዛሬ ይቅርብኝ።

ደመና ውስጥ ገባሽ? ይህንን ነው ከሻይ ጨዋታ ጋር ቀላቅለሽ የምትጽፊልኝ? ደብዳቤውን ለየትምወርቅ አላነበብኩላትም። የመጨረሻውን ገጽ ብቻ አነበብኩላት። «ሌላውን ገጽ ለምን ደበቅኸው?» አለችኝ። ያው ሰላምታ ነው አልኳት።

እናትሽ ብሩክታይት ከበዴሳ ስትመለስ እንዴት እንደሞተች ታውቂያለሽ፤ ሁሉንም ግን አልነገርንሽም። የሚኒባሱ ሹፌር በአካባቢው የታወቁ፣ የተከበሩ ሽማግሌ ነበሩ። ዝናብ ነበር። የተረፉት እንደነገሩኝ ከሆነ መኪናው መንገድ እየለቀቀ መሆኑን ሁሉም አይቷል። አንድም ሰው «ቀስ በሉ» አላላቸውም፤ እሳቸውን ማን ደፍሮ! እህቴም ከፊት ወንበር ላይ ነበረች። መንገዱ እንግዲህ መሬት ነው፤ ታዪዋለሽ፣ ትረግጪዋለሽ። እሱ እንኳ አላተረፋትም። አንቺ የምትሄጂው ምንም በሌለበት ነው።

ፈርቻለሁ ማኅሌት። ፎቶውንም የምነቅለው እኔ ነኝ፤ ሰርካለም እንደጻፈችልሽ አውቃለሁ፣ ደብዳቤው ሳይላክ አይቼዋለሁ። የአቶ ደግፌም ቦታ ቢሆን በዓለም ላይ ካለው ሥራ ሁሉ የሚበልጥ ሆኖ አይደለም። ጠዋት ሄደሽ ማታ ስትመለሺ የግቢው በር ሲንኳኳ እንድሰማ ነው።

ስለዚህ ኅዳር 30 ቀን ሶዶ እንድትገኚ አዝዣለሁ። ልመና አይደለም። መምጫሽን ብቻ ጻፊልኝ።

አጎትሽ፣ አድነው


ናይሮቢ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎት ጋሼ፣

መድኃኔዓለም ልብዎን ያረጋጋልኝ። ያዘዙኝ ቀን አልፏል፤ እኔም አልመጣሁም። ናይሮቢ ሆኜ በሩን ሲጠብቁ ይታየኝ ነበር። መልስ ያልጻፍኩት ንቄዎት አይደለም። ደብዳቤዎን አንብቤ አልቅሻለሁ። ስለ እናቴ የጻፉትን አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ ሥራ ቦታም ሆኜ፣ ሣጥን እየመዘንኩም አስቤዋለሁ። የሆነ ነገር ከጻፍኩልዎ መጀመሪያ ሠርቼው መሆን አለበት ብዬ ጠበቅሁ።

ደብዳቤዎን ባነበብኩ በማግስቱ ካፒቴን ሙቲሶ ቢሮ ሄድኩ። እንደ ወትሮው ተቆጣጣሪ ሆነው «ወደ ደመናው ውጪ» አሉኝ። «አልችልም» አልኳቸው። ሌላ ነገር አዘዙኝ፤ አልችልም አልኩ። ሦስተኛ ሲያዙኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው መሰለኝ ከጎረቤት ቢሮ ሰው ብቅ ብሎ «ምን አደረጓት?» አለ። ካፒቴኑ እስክሪብቶአቸውን አወጡ።

ብቻዬን የተነሣሁት ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። ጋሼ፣ ያን ያህል ደስታ ልነግርዎት አልችልም። ጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ከሥሬ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከዚያ አውራ ጎዳና፣ ከዚያ የዱር እንስሳት ፓርኩ ሜዳ። ራዲዮው እንደ ገበያ ይጮሃል፤ እኔ ክፍተቴን ጠብቄ ስሜን ጠራሁ፣ ክልሉን ላቋርጥ ብዬ ጠየቅሁ፣ ተፈቀደልኝ፣ ደገምኩት። ስሄድ ሰላም ነበር።

ስመለስ ደመናው ዝቅ ብሎ ጠበቀኝ። ራዲዮው ላይ የሚያስለው ሰውዬ ነበር። ለማረፍ እየወረደ ያለ ትልቅ አውሮፕላን አለና ከበላዩ እንዳልፍ ከፍ በይ አለኝ። ቀና ብዬ አየሁ። ያ ነጭ ነገር ከራሴ በላይ ነው። እውነቴን ነው የምልዎት፣ «እሺ ጌታዬ» የሚለው ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ያን ጊዜ የፊት ወንበር ላይ የተቀመጠች እናቴ ታየችኝ። ቁልፉን ተጫንኩና «አልችልም። ከላዬ ደመና ነው። በዚሁ ከፍታ ሆኜ ወደ ደቡብ ልዙርና ልጠብቅ» አልኩ።

ሊቆጣኝ ነው፣ ባለጌ ሊለኝ ነው ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ።

«ገባኝ። ወደ ደቡብ ዙሪ፣ በከፍታሽ ቆዪ፣ እስክጠራሽ ጠብቂ» አለ። አለቀ። ቅርም አላለውም። ድምፁ እንኳ አልተለወጠም፤ ወዲያው ሌላውን አብራሪ ያነጋግር ጀመር። ጋሼ፣ ዕድሜዬን ሁሉ እምቢ ካልኩ የሆነ ነገር የሚፈርስ ይመስለኝ ነበር። ምንም አልፈረሰም። ሰውዬው ሥራውን እንዲሠራ የጎደለውን ነገርኩት እንጂ አልደፈርኩትም። ትልቁ አውሮፕላን ጎማዎቹን ዘርግቶ በሩቁ ሲያልፍ እየዞርኩ አየሁት። ከኋላው የሚተወው ነፋስ ትንሿን ሊገለብጣት ስለሚችል እስኪረጋ ጠበቅሁ፤ ጠራኝ፣ አለፍኩ፣ ዊልሰን አረፍኩ። ካፒቴን ሙቲሶ የእጅ ራዲዮ ይዘው ማረፊያው ዳር ቆመው ነበር። «ሰማሁሽ» ብቻ አሉኝ።

አሁን ደግሞ እርስዎ ይስሙኝ። ሶዶ ለሥራ አልመጣም። የአቶ ደግፌን ቦታ አልፈልገውም። በጳጉሜንም አልፈለግሁትም ነበር፤ እሺ ያልኩት እርስዎን ላለማስቀየም ነው፤ በጥቅምትም ዲግሪዬ ያለበትን የነገርኩዎት ለዚያው ነው። እርስዎ በዚያ ላይ ቆመው ቃል ሰጡ፤ ሰው ፊት ያቆምኩዎት እኔ ነኝ፣ ይቅር ይበሉኝ። እዚህ እቀራለሁ። ረዳት አብራሪ እሆናለሁ፣ ከዚያም አብራሪ እሆናለሁ። ይፈራሉ፤ አውቃለሁ። ፍርሃትዎን ከእርስዎ ልወስድልዎት አልችልም። እኔ ግን በዚያ ሚኒባስ ውስጥ ዝም ብዬ አልቀመጥም።

ይቆጡ፤ ይገባዎታል። ዝም ግን አይበሉኝ።

የእህትዎ ልጅ፣ ልጅዎ፣ ማኅሌት


ወላይታ ሶዶ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማኅሌት፣

ዝም አይበሉኝ ብትዪኝም ዝም ብዬሻለሁ። ገናም ጥምቀትም አለፉ። ተቆጥቼ ነበር። ደብዳቤሽን ፎቶው ያለበት መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ቆልፌበት ነበር፤ የትምወርቅ ግን ሰርካለም ስልክ ላይ አንብባው ኖሮ አንድ ቀን ራት ላይ «ብሩክታይት ይህ አፍ ቢኖራት ኖሮ ዛሬ ከእኛ ጋር ትበላ ነበር» አለችኝ። ምግቤን ትቼ ተነሣሁ። ግቢው ውስጥ ብዙ ቆምኩ። እህቴን ሳስብ ሁልጊዜ የማስበው መንገዱን፣ ዝናቡን፣ ሽማግሌውን ነበር። እሷ ራሷ ምን ትል እንደነበር አስቤ አላውቅም። እሷንም ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ ለትልቅ ሰው እንድትመልስ አላስተማርኳትም። በዚህ ቤት ማንም አልተማረውም፤ አንቺ ከባዕድ አገር ነው የተማርሽው።

ፍርሃቴ አልሄደም፤ እንዳይመስልሽ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፣ ይህ ልመና ነው። የምትበሪበትን ቀን አስቀድመሽ አትንገሪኝ። ካረፍሽ በኋላ «አረፍኩ» ብለሽ ላኪልኝ፤ ለዚህስ አንድ ቃል በስልክም ቢሆን ይበቃል። ፎቶውንም የትምወርቅ ወደ ቦታው መልሳዋለች። ቶማ አይቶ «ይሄ ብቻ ነው? እኔ ትልቅ መስሎኝ!» አለ። ከባጃጅህ ትበልጣለች አልኩት።

ምርቃቴን ከመጨረሻው አስቀድሜ ልጻፈው፤ በኋላ እንዳልረሳው። እግዚአብሔር ከላይም ከታችም ይጠብቅሽ። ደመናውን የሚያይ ዓይን፣ የሚናገር አፍ አያሳጣሽ። አሜን።

ትናንት ኮቴን ለብሼ አቶ ደግፌ ቢሮ ሄድኩ። ቦታው እስከ አሁን ለእኔ ሲል ክፍት ነበር። ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ፤ ሻይ አስመጣ። «ማኅሌት አትመጣም። ቦታውን ለሌላ ሰው ስጠው» አልኩት።

«ምነው፣ ምን ገጠማት?» አለ።

«ምንም አልገጠማትም። አልፈልግም ብላለች።»

ደግፌ ምክንያቱን ጠበቀ። ሰው እንዲህ ካለ በኋላ የሆነ ምክንያት ይከተላል፤ አመማት፣ ፈተና ደረሰባት፣ ፓስፖርቷ ዘገየ ይባላል። እኔም መንገድ ላይ ሁለት ሦስቱን አዘጋጅቼ ነበር። አንዱንም አላወጣሁትም። ሻዬን ጠጥቼ ጨረስኩና ተነሣሁ።

በሩ ድረስ ሸኘኝ። የሥራ ባልደረቦቹ እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ታዲያ እርስዎ ፈቀዱላት?» አለኝ።

«አልጠየቀችኝም» አልኩት፤ ሁሉም እንዲሰሙ።

አጎትሽ፣ አድነው